ጠንቋይዋ የት አለች? የ«ብሌየር ዊች» ጉዳይ

«ይሄ ነው እንዴ?»

የአክስቴ ልጅ ያለችው ይቺን ብቻ ነው። ፊልሙ አልቋል። የሠሩት ሰዎች ስም መውረድ ጀምሯል። እሷ ግን ገና የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል እፍኝ ቆሎ እንደጨበጠች ላፕቶፑ ላይ አፍጥጣለች። «ጠንቋይዋስ? የት አለች ጠንቋይዋ?»

ታናሽ ወንድሜ መልስ አልሰጣትም። እሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩን አውጥቶ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ሰው እውነት መስሎት ነበር እኮ»፣ «እንቅልፍ ይነሳችኋል»፣ «ማታ ብቻችሁን እንዳታዩት» እያልኩ ያሟሟቅኳቸው እኔ ነኝ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እኔ የጨመርኩት ሐሳብ ሳይሆን በርበሬ ነው። ሰው እንዲህ ተሞልቶ ፊልም ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ምንም ብታሳየው አይበቃውም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። «ዘ ብሌየር ዊች ፕሮጀክት» በ1999 ወጥቶ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አሜሪካን ያተራመሰ ፊልም ነው። እስከ ዛሬም «በጣም የሚያስፈሩ ፊልሞች» የሚል ዝርዝር በወጣ ቁጥር ስሙ አይጠፋም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የተሳሳተው ነው ወይስ እኛ ነን ያበላሸነው? እንደተወራለት ነው ወይስ ባዶ ጩኸት? በሌላ ቀን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። አሠራሩንም፣ አሸጣጡንም፣ የሠሩት ልጆች ኋላ ምን እንደሆኑም ተከታተልኩ። መጨረሻውን ሳልደብቅ ስለምናገር ያላያችሁት እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ታሪኩ አጭር ነው

ሦስት ወጣቶች አሉ። ሄዘር፣ ጆሽ እና ማይክ። ኦክቶበር 1994 ላይ ሜሪላንድ ውስጥ በርኪትስቪል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይሄዳሉ። ስለአካባቢው ጠንቋይ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ነው። የከተማውን ሰው ያናግራሉ፣ ጫካ ይገባሉ፣ አይወጡም። ከዓመት በኋላ ቀረጻቸው ይገኛል። የምናየው ያንን ቀረጻ ነው።

ፋውንድ ፉቴጅ የሚሉት ዓይነት ፊልም ነገሩ ይሄው ነው። ካሜራውን የያዘው ሰው ራሱ መከራው የሚደርስበት ሰው ነው። ስለዚህ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ልብ የሚሰቅል ሙዚቃ የሚያስገባ ማንም የለም። በዚህ አሠራር ብሌየር ዊች የመጀመሪያው አይደለም። የጣሊያኑ «ካኒባል ሆሎኮስት» በ1980 ወጥቶ ዳይሬክተሩ ተዋንያኑን በእውነት አስገድለሃል እስከመባል ደርሶ፣ በሕይወት መኖራቸውን ማሳየት ግድ ሆኖበት ነበር። ግን ነገሩን ከጥቂት የሆረር አፍቃሪዎች እጅ አውጥቶ ለመላው ሕዝብ ያደረሰው ብሌየር ዊች ነው።

ጫካ ውስጥ ምን ተደረገ

ይሄ የጉዳዩ ምርጥ ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪዎች ነበሩ። ሐሳቡ የመጣላቸው በ1993 አካባቢ ነው። ሁለቱም ከሆረር ፊልም ይልቅ ስለመናፍስትና ስለማይታወቁ ፍጥረቶች የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ይበልጥ እንደሚያስፈሯቸው ሲያወሩ ነው አሉ። ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ትዕግሥት ነው።

ተዋንያን ሲመርጡ ለፈተና የገባው ሰው ተረጋግቶ ሳይቀመጥ አንድ ጥያቄ ይወረወርበታል፤ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶብህ ሰባቱን ጨርሰሃል፣ ለምን በአመክሮ እንፍታህ? ሌላው ሰው ምክንያቱን መደርደር ይጀምራል። ሄዘር ዶናሂው ግን ባትፈቱኝ ነው የሚሻለው ዓይነት መልስ ሰጠች። ወዲያው ያዟት። ጆሹዋ ሌናርድና ማይክል ዊሊያምስም ተመረጡ። ሦስቱም ፊልሙ ውስጥ የሚጠሩት በገዛ ስማቸው ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የተጻፈ ንግግር የለም። የነበረው ወደ 35 ገጽ የሚሆን የታሪኩ አካሄድ ብቻ ነው። ቀረጻው ኦክቶበር 1997 ላይ ስምንት ቀን ፈጀ፤ አብዛኛው ሴኔካ ክሪክ በሚባለው የሜሪላንድ ፓርክ ውስጥ። ካሜራ የሚይዝ ሌላ ባለሙያ አልገባም። ተዋንያኑ ራሳቸው ሁለት ካሜራ ተሰጣቸው፤ አንዱ ጥቁርና ነጭ የሚቀዳ 16 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ፣ ሌላው ሰው ቤቱ ለልደትና ለሠርግ የሚይዘው ዓይነት የቪዲዮ ካሜራ። በተጨማሪ ጂፒኤስ ተሰጣቸው። በቃ፣ ሂዱ ተባሉ።

ዳይሬክተሮቹ ደግሞ የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ ለብሰው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ጂፒኤሱ ላይ የተሞላው ቦታ ሲደርሱ የወተት ሳጥን ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ ውስጡ ምግብ፣ ባትሪና ለየአንዳንዳቸው የተጻፈ ማስታወሻ አለ። ማስታወሻው የፊልም ጥቅል በሚቀመጥባት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። ሄዘር መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ እንዳትሸነፊ ልትባል ትችላለች፤ ጆሽ ደግሞ በሷ ላይ ትዕግሥትህ አልቋል ይባላል። ከዚያ የሚፈጠረው ጭቅጭቅ የራሳቸው ነው። ምግቡ በየቀኑ ይቀንሳል። ማታ ሲተኙ ዳይሬክተሮቹ ይመጡና ድንኳኑን ያንቀጠቅጡታል፣ የሕፃናት ድምፅ በቴፕ ያጫውቱባቸዋል። ጠዋት ደግሞ እንደገና የእግር ጉዞ።

ከትወናው ወጥቶ የእውነት መናገር የፈለገ ሰው «ታኮ» ማለት አለበት ተብለው ተስማምተዋል። (የሜክሲኮው ምግብ እንጂ የጫማው አይደለም። እኛ አገር ቢሠራ ሄዘር «ጫማዬ ታኮ የለውም» ባለች ቁጥር ቀረጻው ይቆም ነበር።)

ስለዚህ ሦስተኛው ቀን ላይ ሲጯጯሁ ስታዩዋቸው ግማሹ ትወና አይደለም። እርጥብ ናቸው፣ ርቧቸዋል፣ አልተኙም። አንድ ሌሊት ከድንኳን ወጥተው ሲሮጡ ሄዘር «ያ ምንድን ነው?» እያለች ትጮኻለች። እኛ ምንም አናይም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ፊቱን በነጭ ስቶኪንግ ሸፍኖ በጎን ቆሞ ነበር፤ ካሜራው ግን ሳይቀርጸው አለፈ። የአክስቴ ልጅ ስትፈልጋት የነበረችው ጠንቋይ እንግዲህ እሱ ነው። በስህተት ነው ያመለጠን። ባያመልጠን ኖሮ ፊልሙ ይበላሽ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከጫካ የወጣው ቀረጻ 20 ሰዓት ግድም ነው። ወራት ፈጅቶ 81 ደቂቃ ሆነ። መጀመሪያ አስበው የነበረው የጫካውን ቀረጻ ከባለሙያ ቃለ ምልልስና ከዜና ቁራጭ ጋር ቀላቅለው ሙሉ ዘጋቢ ፊልም ለማስመሰል ነበር። ሲቆርጡት ጫካው ብቻውን እንደሚበቃ ገባቸውና ሌላውን አወጡት። ያወጡት ነገር ግን አልተጣለም። እሱ ነው እሳቱን የለኮሰው።

ወሬው ከፊልሙ ቀድሞ ደረሰ

በ1998 ድረ ገጽ ከፈቱ። ድረ ገጹ ላይ «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» የሚል ነገር የለም። ያለው የፖሊስ ፎቶ፣ የጠፉት ልጆች የድሮ ፎቶ፣ የሄዘር ማስታወሻ ደብተር፣ ጭቃ ውስጥ የተገኘ ቦርሳ፣ ከ1785 ጀምሮ የጠንቋይዋ ታሪክ በየዓመቱ ተዘርዝሮ። ታሪኩ በሙሉ ፈጠራ ነው። በርኪትስቪል ግን እውነተኛ ከተማ ናት፤ ካርታ ላይ ትገኛለች። ውሸት ሲሠራ አንድ እውነተኛ ምሰሶ ይበቃል።

ጃንዋሪ 1999 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ በእኩለ ሌሊት ታየ። በከተማው ግድግዳ ላይ «ጠፍተዋል» የሚል ወረቀት ከሦስቱ ፎቶ ጋር ተለጠፈ። አርቲዛን የሚባል አከፋፋይ በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በገንዘብ ሆነ። የፊልሞች መረጃ የሚቀመጥበት አይኤምዲቢ ላይ የሦስቱ ተዋንያን ስም አጠገብ «ጠፍተዋል፣ ሞተዋል ተብሎ ይገመታል» የሚል ተጻፈ። ሳይፋይ ቻናል በጁላይ የሐሰት ዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ የታሪክ አዋቂ ነን፣ አስተማሪያቸው ነን፣ ዘመዳቸው ነን የሚሉ ሰዎች ኮስተር ብለው ይናገራሉ። ከጫካው ፊልም ተቆርጦ የወጣው ሐሳብ እዚህ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በጁላይ አጋማሽ በ27 ሲኒማ ቤት ብቻ ታይቶ በሦስት ቀን 1.5 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ለአንድ ሲኒማ ቤት ከ50,000 ዶላር በላይ ነው፤ ወረፋው ምን ያህል እንደነበር አስቡት። በወሩ መጨረሻ ወደ 1,100 ሲኒማ ቤት ሲሰፋ በአንድ ቅዳሜና እሑድ 29 ሚሊዮን። ጠቅላላ ከዓለም ያገኘው ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኦገስት ላይ ታይምና ኒውስዊክ ሁለቱም የሽፋን ገጻቸውን ሰጡት።

«በ60,000 ዶላር የተሠራ» የሚባለውም ራሱ የወሬው አካል ነው ልበላችሁ። ያ ቁጥር ጫካ ውስጥ ለወጣው ወጪ ቢሠራ ነው። ድምፁ ተስተካክሎ፣ ለሲኒማ በሚሆን ፊልም ላይ ተገልብጦ እስኪያልቅ በመቶ ሺዎች ገብቷል፤ ማስታወቂያው ደግሞ በሚሊዮኖች። ድሃው ፊልም ሀብታም አጫፋሪ ነበረው።

አሁን ወደ ወንድሜ ስልክ እንመለስ። ስልኩን ያወጣው ሰልችቶት ብቻ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ላይ ቀና ብሎ «ሴትየዋ አለች'ኮ» አለን። ሦስቱም በሕይወት እንዳሉ በአሥር ሰከንድ አጣርቷል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ትንሽ ጥርጣሬም አብሮ ወጣ። በ1999 ግን ያንን ለማጣራት ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ፣ ስልኩን ሰክቶ ኢንተርኔቱ እስኪገናኝ መጠበቅ ነበረብህ፤ ተገናኝተህ ስትፈልግም መጀመሪያ የምታገኘው የራሳቸውን ድረ ገጽ ነው! ለጥርጣሬህ መልሱን የሚሰጥህ ያታለለህ ሰው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆየም።

ለዚህ ነው ስክሪኑ ላይ ያለው የፊልሙ ግማሽ ብቻ ነው የምለው። ሌላው ግማሽ የዚያ በጋ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እኛ ቆሎ ይዘን የተቀመጥነው የቀረው ግማሽ ፊት ነው።

ያኔም ቢሆን «ይሄ ነው እንዴ?» ያለ ሰው ነበር

ይሄን ሳገኝ ነው ለአክስቴ ልጅ ይቅርታ የጠየቅኳት። ከሲኒማ ቤት የሚወጣን ተመልካች እየጠየቀ ነጥብ የሚሰጠው ሲኒማስኮር ለብሌየር ዊች የሰጠው ሲ ፕላስ ነው። ለዚያ ሁሉ ጩኸት ደካማ ነጥብ ነው። ሐያሲዎቹ ግን ወደውታል፤ ሮጀር ኢበርት አራት ኮከብ ሰጥቶታል፣ ከዚያ በላይ የለውም። በሌላ በኩል የዓመቱን መጥፎ ሥራ የሚሸልመው ራዚ ሄዘርን የዓመቱ መጥፎ ተዋናይት ብሎ ሸለማት። በምስሉ መንቀጥቀጥ የተነሳ ሰው እያጥወለወለው ከአዳራሽ ይወጣ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ የለጠፉ ሲኒማ ቤቶችም ነበሩ። የኛ ሳሎን ክርክር በ1999 በየሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተካሂዷል።

ወቀሳውም ከመሬት የተነሳ አይደለም። መሐሉ ይጎተታል። ይሄዳሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይተኛሉ፣ ይሄዳሉ። ሦስት ቀን አብሮ በእግር የመሄድ ያህል ነው፣ እሱም ከማያስደስት ሰው ጋር። የሄዘር ካሜራዬን አልለቅም ባይነትም ያናድዳል። እኔ ግን ስለሄዘር ከራዚዎቹ ጋር አልስማማም። የምታናድደው ጎበዝ ስለሆነች ነው። ሁላችንም የምናውቃት ልጅ ናት፤ መንገዱን አውቀዋለሁ ብላ ስብስቡን የምትመራ፣ እንደጠፋች ሲገባት ደግሞ ድምፅዋን የምትጨምር።

ካርታው ላይ የሆነው ደግሞ አለ። ካርታው ይጠፋል፤ ሄዘርን ይወቅሷታል። በኋላ ማይክ እየሳቀ «እኔ ነኝ ወንዝ ውስጥ በእግሬ የመታሁት፣ ምንም አይጠቅምም ነበር» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ከሞኝም ብሶ ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን ሦስታችንም በማይክ ላይ ጮኸናል፤ ማታውን ሙሉ አንድ ላይ የሆንነው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ሁለተኛውን ቀን ያየሁት ብቻዬን ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ መብራት አጥፍቼ፣ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን ሰክቼ። ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼዋለሁ። ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ሦስቱም በሕይወት እንዳሉ አውቃለሁ። እውነት ነው የሚለው ማታለያ በኔ ላይ አይሠራም። ታዲያ ከሱ ውጪ የቀረ ነገር አለው ወይ? ፈተናው ይሄ ነው።

አለው። ብዙ ባይሆንም አለው።

መጀመሪያ የያዘኝ ድምፁ ነው። በመጀመሪያው ቀን በላፕቶፕ ድምፅ፣ ከቆሎ መንኮሽኮሽ ጋር፣ ምንም አልሰማንም ነበር። በሄድፎን ግን ማታ ማታ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከሩቅ ቋ... ቋ የሚል ነገር ይሰማል። እንጨት ይሁን ድንጋይ አታውቁትም። ሄዘር ትንፋሿን ይዛለች። አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም የሚታይ ነገር የለም። እኔም ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ሲነጋላቸው ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ገጠር አያቴ ጋ እላክ ነበር። ጅቡን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። በሩ በመወርወሪያ ተዘግቶ፣ ላሞቹ እዚያው ጎናችን እያመሰኩ፣ ድምፁ አንዴ ከወንዙ ማዶ፣ አንዴ ከጓሮው አጥር ሥር ይመጣል። አያቴ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ሩቅ ነው» ይሉኛል። አጥሩ ጋ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በኋላ አዲስ አበባ ዳር ላይ ጅብ በመኪና መብራት አየሁ፤ ውሻ የሚያህል፣ ያዘነ የሚመስል እንስሳ። ፍርሃቴ ያን ቀን በግማሽ ቀነሰ። ብሌየር ዊች ጅቡን አያሳያችሁም።

ሁለተኛው ግንዱ ነው። ኮምፓስ ይዘው ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ቀጥ ብለው። ሊመሽ ሲል ወንዝ ላይ የተጋደመ ግንድ ያያሉ። ጠዋት የተሻገሩበት ግንድ ነው። ሄዘር መጮኽ እንኳ አቃታት። ጠንቋይ፣ ደም፣ ጥርስ አያስፈልግም፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። (ጥርስም አለ በነገራችን ላይ። ጆሽ ከጠፋ በኋላ ሄዘር በጭራሮ የታሰረ ጥቅል ድንኳኑ ደጃፍ አግኝታ ትፈታዋለች፤ በደም የራሰ የሸሚዝ ቁራጭ፣ ውስጡ ጥርስ። ከጥርስ ሐኪም የተገኘ የእውነት የሰው ጥርስ ነው ይባላል።)

መጨረሻው ላይ ደግሞ ለምን ሦስታችንም ተሞኝተን እንደቀረን ገባኝ።

ፊልሙ ሲጀመር፣ ገና ከተማው ውስጥ እያሉ፣ አንድ የከተማው ሰው በ1940ዎቹ ስለነበረ ሩስቲን ፓር ስለሚባል ገዳይ ያወራል። ሕፃናቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ምድር ቤት ያወርዳቸዋል፤ አንዱን ሲገድል ሌላውን ፊቱን ወደ ግድግዳ ጥግ አዙሮ ያቆመዋል፤ ዓይናቸው ላዩ ላይ ሲያርፍ ስለማይችል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኛ ያን ጊዜ ቆሎውን ለሦስት እየተካፈልን ነበር።

ይቺ ንግግር መጀመሪያ ፊልሙ ውስጥ አልነበረችም። ተመልካች መጨረሻው አልገባንም ስላለ አርቲዛን ሌላ መጨረሻ እንዲቀርጹ ገንዘብ ሰጣቸው፤ ቀረጹ፣ አዩት፣ አልጣማቸውም። የድሮውን አስቀርተው መግቢያው ላይ ይቺን ቃለ ምልልስ ጨመሩ። የጉዳዩ ምርጥ ውሳኔ ይሄ ይመስለኛል። መጨረሻውን ከማስተካከል መጀመሪያውን አስተካከሉ።

ከዚያ ቤቱ ይመጣል። ግድግዳው ላይ የሕፃናት የእጅ አሻራ አለ። ማይክ የቪዲዮ ካሜራውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ይሮጣል፤ አንድ ነገር ይመታዋል፤ ካሜራው ይወድቃል። ሄዘር በፊልም ካሜራው እየቀረጸች፣ እየጮኸች ትከተለዋለች። እዚህ ጋ ሄድፎን አስፈላጊ ነው። የፊልም ካሜራው ድምፅ አይቀዳም፤ የምንሰማው ወለል ላይ ከወደቀው የማይክ ካሜራ ነው። ስለዚህ ምስሉ የሄዘር ዓይን ነው፤ ጩኸቷ ግን ከሩቅ፣ ከላይኛው ፎቅ ይመጣል፤ ደረጃውን ስትወርድ እየቀረበ፣ እየቀረበ። የራሷ ድምፅ ወደ ራሷ ዓይን እየተጠጋ ይመጣል። ሆን ብለው ይሁን ሳያስቡት፣ እንዲህ ያለ ነገር በውድ ፊልም ውስጥም አላገኘሁም።

ታች ስትደርስ ማይክ ጥጉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ዝም ብሎ። ከዚያ የሷም ካሜራ ይወድቃል።

ሄድፎኑን አውልቄ መብራት አበራሁ። አዎ፣ አበራሁ።

ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው

ስማቸውን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ተዋንያኑ በገዛ ስማቸው ነው የተጫወቱት፤ ወሬው እንዲሠራ ደግሞ መሞት ነበረባቸው። ፊልሙ ሊወጣ ሲል ሚዲያ ላይ እንዳይታዩ ተደረገ። ለአንድ ጀማሪ ተዋናይ ፊልሙ አገር ሲያንቀጠቅጥ ተደብቆ መቀመጥ ምን እንደሆነ አስቡት። ለሄዘር እናት የሐዘን መግለጫ ካርድ ይላክላቸው ነበር። ልጃቸው አለች፤ የቤት ኪራይ እያሳሰባት ነው።

248 ሚሊዮን ዶላር ካስገባ ፊልም በጊዜ ሂደት ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው ወደ 300,000 ዶላር ግድም ነው ይባላል። ስማቸውም በሚቀጥለው ፊልም ጉዳይ ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል። በ2024 የመብቱ ባለቤት ላየንስጌት አዲስ ብሌየር ዊች ሊሠራ ነው ሲባል ሦስቱ ተሰባስበው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ተገቢው ክፍያ ይከፈለን፣ በስማችንና በምስላችን ስትሠሩ አማክሩን አሉ። ካሜራውን የያዙት፣ ንግግሩን የፈጠሩት፣ የተራቡት እነሱ ናቸው። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ።

በርኪትስቪልም አላመለጠችም። ወደ 200 ሰው ግድም የሚኖርባት ከተማ በጎብኚ ተጥለቀለቀች፤ መግቢያዋ ላይ ያለው ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰረቀ። አስቂኙ ነገር ጫካው እዚያ አለመሆኑ ነው።

የ2000ው ተከታይ እንደገና ያንን አስማት ሊያመጣ ሞክሮ ከሸፈ፣ የ2016ቱም የረባ ነገር አልሆነለትም። ትምህርቱን በደንብ የቀሰመው ሌላ ነው፤ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» በ15,000 ዶላር ቤት ውስጥ ተሠርቶ ከ190 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

የአክስቴ ልጅ በኋላ ደውላ «ታዲያ ምን ደረስክበት? እንደተወራለት ነው?» አለችኝ። እንደተወራለትስ አይደለም አልኳት። የተወራለትን የሚያህል ፊልም የለም፤ ያኔም አልነበረም። እውነት ነው መባሉ ከተነሳ የሚቀረው 81 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 25ቱ ቢቆረጥ አይጎዳም፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ ግን እስከ ዛሬ ካየኋቸው አምስት ደቂቃዎች ሁሉ ይበልጣሉ። ከአሥር ሰባት ተኩል። «አራት» አለች። ቆሎ አስቀምጠሽ በሄድፎን እዪው አልኳት። «አራት ከግማሽ» ብላ ዘጋችው።

ሁለተኛውን ጊዜ ባየሁት ማግሥት ጠዋት፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ ውኃ ልጠጣ ተነሳሁ። ሳሎኑ ጨለም ብሏል። ወንድሜ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ያለው ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አይንቀሳቀስም።

«ዞር በል!» ብዬ ጮኽኩ።

ደንግጦ ዞረ። እጁ ላይ የስልኩ ቻርጀር አለ፤ ከሶኬቱ አልያዝ ብሎት እያስተካከለው ነበር።